የየብርጓል ተራ

የብርጓልን አርፋ ቁጭ ስትል ያየ ሰው ካለ ወዲህ ይምጣና ይመስክር። ምግብ ቀርቦላት አንድ ጎርሳ ደጅ ናት። ስብከት ረዘም ካለም ነጠላዋን እያስተካከለች ብቅ ትልና ሰማዩን አይታ ትመለሳለች። ከሮብ ገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ያገኛት ሰው «እንዴት ዋልሽ» ብሎ ሳይጨርስ ዓይኗ በትከሻው ላይ አልፎ ጮቄ ተራራ ደርሷል። «አንቺ ሴት፣ ከኔ ጋር ነሽ ወይስ ከተራራው ጋር?» ያላላት ጎረቤት የለም።

እንዲሁ ቅብጥብጥ ሆና እንዳይመስላችሁ። የተወለደችው ወደ ደብረ ኤልያስ በኩል ነው። እዚያ ደመና ከሩቅ ይታያል፤ እስኪደርስ ድረስ ሰው የተሰጣውን ሰብስቦ፣ ከብቱን አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይጠብቀዋል። ሙሉሰው አግብቶ ጮቄ ግርጌ ሲያመጣት ግን ደመና ማለት ሳያንኳኳ የሚገባ ጎረቤት ሆኖ አገኘችው። ጠዋት ፀሐይ ነው ብላ ያሰጣችው ብቅል ቀትር ላይ ርሶ ይጠብቃታል። ሙሉሰው ሆዱን ይዞ ይስቅባት ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ሙሉሰው ታሞ ሞተ። በሞተ በዓመቱ፣ ስንዴዋ ታጭዶ መሬት ላይ እንደተኛ፣ ያለወቅቱ የመጣ የኅዳር ዝናብ ወረደበት። እህሉ ነዶው ውስጥ እንዳለ በቀለ። ያን ዓመት ከአማቷ ከእማሆይ አሰገደች ጋር የበሉት ዳቦ ምጣድ ላይ አልነሣ ያለ፣ አፍ ውስጥ የሚያጣብቅ ጭቃ ነበር። ለዘር የሚሆን እንኳ አልተረፋቸውም። የብርጓል መቀመጥ የጠፋባት ያኔ ነው።

እንግዲህ የአየር ጠባይ መረጃ ለገበሬው የሚያደርስ ከየቀበሌው አንድ ሰው ደብረ ማርቆስ ሄዶ ይሠልጥን ሲባል፣ እጇን ቀድማ ያወጣችው እሷ መሆኗ ማንንም አላስገረመም። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለች፤ ስልክ መንካትም ታውቅበታለች። ሥልጠናው ላይ አንዲት ቀጭን ባለሙያ፣ «የሽሮ ድስት ክዳን አንሥታችሁ አታውቁም? ከውስጥ በኩል ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ከዓባይ ሸለቆ የሚነሣው ሞቃት አየር በዓይን የማይታይ እንፋሎት ተሸክሞ ይመጣል፤ ጮቄ መንገድ ሲዘጋበት ሽቅብ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ይበርደዋል፤ ሲበርደው ያ እንፋሎት አቧራ ላይ እየተጠጋ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል። ደመና የምንለው እሱን ነው። ጠብታው እየተገናኘ ሲከብድ ደግሞ ይወርዳል። የብርጓል ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን ሁሉ ዘመን ስትፈራው የኖረችው ነገር ለካ የገዛ ምድጃዋ ላይ ኖሯል!

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ በሚካኤል ቅጥር በር ላይ ትቆምና በስልኳ የመጣላትን የሳምንቱን የአየር ትንበያ ለሰዉ ታነብባለች። ማንበቡ ደግ ነበር። ጥፋቷ ድስቱንም ማስረዳቷ ነው። አያ አበረ፣ አፋቸው ከማጭዳቸው የሚፈጥን ሽማግሌ፣ «በይ እንግዲህ፣ ጮቄ ድስት ነው! ወጡስ መቼ ነው የሚወርደው?» አሉና ሰዉን በሳቅ አፈረሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትንበያ ልታነብ ስትቆም አንዱ ከኋላ «ድስቱ ተጣደ!» ሳይል አይቀርም።

አያ አበረና የብርጓል ጎረቤት ብቻ አይደሉም፤ አንድ ወንፈል ናቸው። ወንፈል መቼም የታወቀ ነው፤ ዛሬ ላንዱ፣ ነገ ለሌላው፣ ሁሉም በየተራው ያጭድለታል። ማሳቸውም ፊት ለፊት ነው፤ ከመካከል አንዲት ቀጭን ወንዝ አለች፤ ከወዲያ ማዶ ያስነጠሰ ሰው ከወዲህ ማዶ «ይማርህ» ይባላል። አምና የብርጓል «ዝናብ ይመጣል» ብላ፣ ወንፈሉ አዝኖላት ተራዋን አስቀድሞ አጨደላት። ዝናቡ ከተራራው ጀርባ ወርዶ ቀረ፤ እዚህ ጠብ አላለም። አያ አበረ ይህን እስከ ዛሬ አልረሱትም። «ዝናብ እንኳ ለየብርጓል ያዳላል» እያሉ በየደረሱበት ያወሩታል።

ዘንድሮ ኅዳር ሲያልቅ፣ ስንዴው ደርሶ ሲንሿሿ፣ እሑድ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆመች። ትንበያውን መንገድ ላይ አይታዋለች። «ከሰኞ እስከ ሐሙስ በአብዛኛው የምሥራቅ ጎጃም አካባቢ ደረቅና ፀሐያማ ይሆናል፤ ከዓርብ ጀምሮ በከፍተኛ ቦታዎች ላይ ያለወቅቱ ዝናብ ይጠበቃል» ብላ አነበበች። የወንፈሉን ተራ ሁሉም ያውቀዋል፤ ረቡዕ የደመላሽ፣ ሐሙስ የአያ አበረ፣ ዓርብ የየብርጓል ነው።

አያ አበረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዬ የብርጓል! ተራሽ ዓርብ፣ ዝናቡም ዓርብ! ይሄ ዝናብ ተራ ቆጥሮ ነው የሚመጣው?»

ሰዉ በሳቅ ተንከተከተ። ካህናቱ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። የብርጓል ፊቷ በርበሬ መሰለ። ዝም ብትል ምን ነበረበት? ግን ዝም ማለትም እንደ መቀመጥ ነው፤ አይሆንላትም። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ እጇን ዘረጋች። «ስሙኝ! ዘንድሮ የማንንም ተራ ቀድሜ አንዲት ዛላ ያሳጨድሁ እንደሆነ፣ ይኸው በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሚካኤል ይፍረደኝ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። በሚካኤል በር የተማለ መሐላ ቀልድ አይደለም። መቋሚያቸውን ተደግፈው የነበሩት እማሆይ አሰገደች አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ፤ የሸፈኑት ግን ቤት እስኪገቡ ብቻ ነው።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል አልሰማሽም?» አሉ ገና ከደጃፉ። «አበረ አፉን ከፈተ ብለሽ በመልአክ ትምያለሽ? እሱ እንደሁ በሕልሙም ያወራል! ዝናቡ ሲመጣ መሐላሽን ቆልተን እንብላው?»

«እውነቴን ነው እንጂ እማሆይ! ሁልጊዜ ለራሷ ነው ሲሉኝ…»

«ለራስሽስ ቢሆን? ሆድ የለሽም?»

የብርጓል ወጥታ ሰማዩን አየች። ጥርት ብሏል፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ሰኞና ማክሰኞ እንደተተነበየው ደረቅ ሆነ። ማክሰኞ ወደ ማታ ደመላሽ፣ ለሟቹ ሙሉሰው እንደ ወንድም የነበረው ጎልማሳ፣ አጥሩን ተደግፎ ጠራት። «የኔ ስንዴ ገና ልቡ እርጥብ ነው፤ ለሳምንት ቢቆይ ምንም አይለው። ነገ ያንቺን እንጨድ።»

የዓመት ቀለቧ፣ ዘሯ፣ የእማሆይ ጉርሻ፣ ሁሉም በአንድ «እሺ» ሊገባላት ነው። ግን ያቺ በር ታየቻት። «ማልሁ እኮ ደሜ» አለች።

«እኔ ፈቅጄ ብሰጥሽስ?»

«ተራው ተራህ ነው። በሚካኤል ነው የማልሁት፤ ባንተ አይደለም።»

ደመላሽ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። እማሆይ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ፣ «እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ!» ሲሉ ተሰማ። የብርጓል ያን ማታ ማሳዋን ሄዳ አየች፤ ዛላ ቀንጥሳ እጇ ላይ አሽታ ነፋችው፤ ፍሬው ጠንክሯል፤ ደርሶላታል። ማጭድ ብቻ ነው የጎደለው።

ረቡዕ በተራው የደመላሽ ታጭዶ ተከመረ፤ ሐሙስ ሁሉም ከአያ አበረ ማሳ ተሰለፈ። ሰማዩ ንጹሕ ነበር፤ ሰዉ እያዜመ ያጭዳል፤ አያ አበረም ከኋላ እየዞሩ «በርቱ! ዝናቡ ነገ ነው አሉ፣ ለሌላ ሰው!» እያሉ ያሾፉ ነበር። የብርጓል ከሁሉ ፊት ነበረች። እጇ እዚህ ያጭዳል፣ ዓይኗ ወዲያ ማዶ የራሷን ቆሞ የሚወዛወዝ ስንዴ ያይና ከዚያ ወደ ጮቄ ይሻገራል።

ረፋድ ላይ ተራራው ጫፍ ላይ እንደ ተባዘተ ጥጥ የመሰለ ደመና ታየ። እሱ የየቀኑ ነው፤ ቀትር ሳይሆን ይበተናል። ዛሬ ግን አልተበተነም። እላይ በላይ ይካብ ጀመር። ነፋሱም ዞሮ ከሸለቆው በኩል መጣ፤ ማጅራቷ ላይ ርጥበቱ ተሰማት። ድስቱ እየፈላ ነው። ትንበያው ዓርብ ያለው ለደጋው ሁሉ ነው፤ ጮቄ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ባለሙያዋም ይህን ነግራቸዋለች፣ «ተራራ ሥር ያላችሁ፣ አንድ ቀን ሊቀድማችሁ ይችላል» ብላ።

የብርጓል ብትናገር ምን እንደሚሏት ታውቀዋለች። ዝም ብትልስ? ያ በነዶው ውስጥ የበቀለው ስንዴ ትዝ አላት። የአያ አበረ ግማሽ ማሳ ታጭዶ፣ ገና ሳይታሰር፣ መሬት ላይ ተኝቷል። የደመናው ሆድ መጥቆር ጀመረ። ከዚያ በኋላ አፏን የያዘው ነገር ለቀቃት።

«ማጨዱን አቁሙ!» ብላ ጮኸች። «የተኛው ይነሣ! ይመጣል!»

ሁሉም ቀና አለ። ፀሐይዋ አሁንም አናት ላይ ናት። «የት አለ?» አለ አንዱ።

«ጀመራት!» አሉ አያ አበረ። «የኔን አስቁማ ወደ ራሷ ልትነዳችሁ ነው! አላልኋችሁም?»

«አያ አበረ፣ የኔ ቆሟል! የቆመ ስንዴ ዝናብን ትንሽ ይችለዋል። የርስዎ ነው መሬት ላይ ያለው!»

«ማሳው የማን ነው? አንቺ ነሽ የምታዢው?»

የብርጓል ወደሳቸው ሮጠች። ማጭዷን እጃቸው ላይ አስቀመጠችና፣ «ይኸው፣ እርስዎ ዘንድ ይቆይ። ያለ ማጭድ ወዴት እሄዳለሁ?» አለች። ከዚያ ብቻዋን ጎንበስ ብላ የተኛውን ማሰር ጀመረች። እያለቀሰች ነበር፤ በንዴት ይሁን በፍርሃት እሷም አልለየችውም። አንድ አሰረች፣ ሁለተኛውን ስታስር ደመላሽ ማጭዱን ጥሎ መጣ። ሌሎቹ አያ አበረንና እሷን እያፈራረቁ ሲያዩ፣ ከጮቄ በኩል ነጎድጓድ አጓራ።

ያኔ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ነዶ በትከሻ፣ ነዶ በጭንቅላት፣ አያ አበረ ራሳቸው ጋቢያቸውን ጥለው እንደ ጎረምሳ ይሮጣሉ። ክምሩ ቆመ፤ ላስቲክ ተጎተተበት፤ ድንጋይ ተጫነበት። የመጨረሻው ድንጋይ ሲቀመጥ ዝናቡ ወረደ። ጠብታው ጀርባ ይገርፍ ነበር።

ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ተበታተነ። አያ አበረ ግን «ተመስገን» እንኳ አላሉም። የየብርጓልን ማጭድ እንደያዙ፣ ጋቢያቸው መሬት እንደወደቀ፣ በዝናቡ ውስጥ ወደ ሚካኤል አቀበት ሲወጡ ደመላሽ አያቸው። «ሽማግሌው ሊታመም ነው» አለ።

ዓርብ ዘነበ። ቅዳሜም ዘነበ። የብርጓልን እንተዋት! ገባች፣ ወጣች፤ ጆንያ ተከናንባ ማሳዋን ዞረች፤ ዛላ ቀንጥሳ አሸች። በወንዙ በኩል ያለው የማሳዋ ጫፍ ተኝቷል፤ እዚያማ አንዳንዱ ፍሬ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ አውጥቷል። የቆመው ገና ደኅና ነው፤ ግን ሌላ ዝናብ ከደገመው አበቃ። እማሆይ አሰገደች ሁለቱን ቀን አልተቆጧትም። እሱ ደግሞ ከቁጣቸው ይልቅ አስፈራት።

እሑድ ቅዳሴ ወጣ። የብርጓል በሩ ላይ ስትቆም «ድስቱ ተጣደ» ያለ አልነበረም። «ሰኞና ማክሰኞ ፀሐይ ይሆናል» ብላ አነበበች። «ከረቡዕ ጀምሮ ዝናቡ ይመለሳል።» ሰዉ በልቡ አሰላ። ሰኞ የረጠበው ስንዴ ይደርቃል፤ የሚታጨደው ማክሰኞ ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ማሳ። በወንፈል ደንብ ደግሞ የተጀመረ ይቀድማል፤ የአያ አበረ ግማሽ ማሳ ገና ቆሟል።

አያ አበረ ከሕዝቡ መካከል ወጡ። ከጋቢያቸው ሥር የየብርጓልን ማጭድ አወጡ፤ ተስሏል። «ማክሰኞ የየብርጓል ይታጨድ» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

«አይሆንም አያ አበረ» አለች። «ማልሁ እኮ። የተጀመረው የርስዎ ነው።»

«አንቺ ብቻ ነሽ መማል የምታውቂ?» ብለው ጮኹ ሽማግሌው። «እኔስ ሐሙስ ዕለት፣ በዚያ ዝናብ፣ እዚሁ በር ላይ ተደፍቼ፣ ከየብርጓል ማሳ በፊት በኔ ማሳ ማጭድ ቢገባ ሚካኤል ይፍረደኝ ብዬ ማልሁ!»

ደመላሽ በሳቅ ፍርፍር ሲል አገሩ ሁሉ ተከተለው። ሁለት ማሳ ቆሞ፣ ሁለት መሐላ ተፋጦ፣ ዝናብ በመንገድ ላይ! እማሆይ አሰገደች እንኳ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያልሳቁት የብርጓልና አያ አበረ ብቻ ናቸው። እሷ የዓመት እንጀራዋ በዓይኗ ፊት ሲበቅል እያየች ምን ያስቃታል?

ቄስ አምደሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ተቆጥተዋል። «ሊቀ መላእክቱን የአጨዳ ተራ ዳኛ አደረጋችሁት? ንስሐችሁን ሁለታችሁም ከኔ ትቀበላላችሁ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እስከዚያው ማንም ማንንም አይቀድምም። ማክሰኞ ማለዳ ደወል አስደውላለሁ፤ ደወሉ ሲሰማ በሁለቱም ማሳ ማጭድ እኩል ይገባል።»

«አባቴ፣ ወንፈላችን ለሁለት ማሳ መች ይበቃል?» አለ ደመላሽ።

ቄሱ ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር ቃኙት። «አሁን የሳቀ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይመጣል። ያልሳቀ ካለ እጁን ያውጣ!»

እጅ ያወጣ አልነበረም።

ማክሰኞ ደወሉ ሲያቃጭል፣ የሚካኤል ምእመን በወንዟ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ነበር። የብርጓል እንዲህ ያለ ሰው በማሳዋ ላይ አይታ አታውቅም፤ ለሙሉሰው ቀብር ካልሆነ። በወንዙ ጫፍ የተኛውንና የበቀለውን ለከብት መኖ አስለየችው፤ ሲቆረጥ ማየት አልቻለችም፤ ዞር አለች። የቀረው ግን ደርቆ፣ ጠንክሮ፣ ነዶ በነዶ ላይ እየተጫነ ክምር ሆነ። እማሆይ አሰገደች ከክምሩ ሥር ቁጭ ብለው አንድ ዛላ ያሻሉ፣ ፍሬውን በጥርሳቸው ይሞክራሉ፣ «ተመስገን» ይላሉ፣ ደግሞ ሌላ ያሻሉ።

ቀትር ሲያልፍ ጮቄ ጫፍ ላይ ነጭ ደመና ብቅ አለ። የብርጓል አላየችውም። ጎንበስ ብላ ታጭዳለች፤ ያቺ የተሳለች ማጭድ ስትገባ አትሰማም፣ ስትወጣ አትሰማም። ከማዶ ግን አያ አበረ ቀና ብለው አዩት። ያዩትን አላመኑም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በወንዟ ላይ ተጣሩ።

«የብርጓል! ኧረ የብርጓል! ድስቱ እንዴት ነው?»

በሁለቱም ማሳ ማጭድ ሁሉ ቆመ። ማንም አልሳቀም። ሰዉ ጮቄን ትቶ እሷን ያይ ጀመር። የብርጓል ቀና አለች፤ ግንባሯን በእጇ ጋርዳ ደመናውን ተመለከተችው፤ ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ ለማወቅ ማጅራቷን ወደ ሸለቆው አዞረች። ሰዉ ሁሉ አፏን ይጠብቃል።

«ገና አልፈላም!» አለች። «ይጨዱ!»